ያልተንቀጠቀጡት ሐጅ

በግብፅ የጠራቢዎች ከተማ በደምያት ወንድ የሚመዘነው በእጁ ነው። ሐጅ አብደልባሪ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ በወንበር ጀርባ ላይ ጽጌረዳ ሲፈለፍሉ የኖሩ ጠራቢ ናቸው። ስለዚህ ልጃቸውን ራውያን ለጋብቻ ሊጠይቅ የመጣው ዶክተር ዋጊህ የሸርበት፣ የዚያን የደስታ ቀን ቀይ መጠጥ፣ ብርጭቆ ሲቀበል እጁ ተንቀጥቅጦ ነጭ ጀላቢያቸውን ቀይ ሲያደርገው፣ ነገሩ እዚያው አለቀ።

«የሚንቀጠቀጥ እጅ እንጨት ያበላሻል» አሉ፤ «ልጄ ደግሞ ከእንጨት አታንስም።»

ማሞገሳቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ራውያና ዋጊህ የሚነጋገሩት በዓይን ብቻ ሆነ። እሷ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ፣ እሱ ወደ ሆስፒታል ሲገባ፣ ድልድዩ ላይ ይተላለፋሉ።

ብርዱ በገባ ሰሞን ሐጅ ከመሰላል ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። የዚያን ቀን በሆስፒታሉ የነበረው የሰመመን ሐኪም ዋጊህ ብቻ ነበር።

ራውያ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ያዘችው።

«የአባቴ ልብ ደካማ ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የማላስተኛቸው። ከወገባቸው በታች ብቻ ነው የማደነዝዘው።»

«የጀርባው መርፌ? አክስቴን በቀዶ ጥገና ስትወልድ አልጋው እስኪንቋቋ አንቀጥቅጧት ነበር እኮ።»

«ያንቀጠቅጣል። የሳቸው ልብ ያንን አይችልም። እንዳይንቀጠቀጡ መድኃኒት ቀድሜ እሰጣቸዋለሁ።»

«ታዲያ ፊትህ ለምን ገረጣ?»

ሊዋሻት አልቻለም። «መድኃኒቱ ከበዛ ልብ ያዘገያል። ካነሰ ይንቀጠቀጣሉ።»

ራውያ የሻሿን ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታች። ብዙ ነገር ልትለው የፈለገች ይመስል ነበር። «ግባ» አለችው ብቻ።

ሐጅ መርፌውን ከተወጉ በኋላ በጀርባቸው ተኝተው ቀና ብለው አዩት።

«የሸርበቱ ልጅ ነህ?»

«ነኝ፣ ሐጅ።»

«አላህ ይሁነኝ።»

የሞቀ ብርድ ልብስ ደረታቸው ላይ ደረበላቸውና መድኃኒቱን በደም ሥራቸው ቀስ እያለ ሰደደ። የልብ ምቱን የሚቆጥረው መሣሪያ ጢ… ጢ… ይላል። ከዚያ ጢታው መራራቅ ጀመረ። በአንዱ ጢታና በሚቀጥለው መካከል ዋጊህ በሐሳቡ በሩ ተከፍቶ ራውያ ቆማ አያት፤ አባቷን የገደለ ሰው ምን ብሎ ያናግራታል?

መድኃኒቱን አቆመ። ልብ የሚያነቃውን መርፌ አነሳ።

«ሐጅ፣ እንዳይተኙብኝ። ያጫውቱኝ።»

«እጅህ ዛሬም ይንቀጠቀጣል?»

«እዚህ አይንቀጠቀጥም።»

«እቤቴ ምን ነካህ ታዲያ?»

«እቤትዎ ራውያ ነበረች።»

ሐጅ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለዋጊህ መሣሪያው ዝም ያለ መሰለው። ከዚያ ጢታው ተመለሰ፤ ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ፣ አረፍ እያለ፣ ግን እየወጣ። ዋጊህ መርፌውን ሳይጠቀምበት መልሶ አስቀመጠው። ቀዶ ሐኪሙ መዶሻውን አነሳ። ሐጅም ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ አንዴም አልተንቀጠቀጡም።

በማግስቱ ለጠያቂው ሁሉ ይህንኑ ያወሩ ነበር። «እንደ ብረት ነው የተኛሁት። ወንድ ልጅ እንዲህ ነው እንጂ እንደ አንዳንዱ…» ይሉና ወደ ዋጊህ ያያሉ። ራውያ አፏን ልትከፍት ስትል ዋጊህ በዓይኑ ለመናት፤ ተያቸው።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤት አልጋ ላይ አንድ ጎረምሳ ዓሣ አጥማጅ እግሩን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት መጣ። ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ አልጋው ይንቋቋል።

«አይዞህ አንተ፣ ፈሪ» አሉት ሐጅ።

«ፍርሃት አይደለም፣ ሐጅ» አለች ነርሷ፣ ልጁን ብርድ ልብስ እየደራረበችለት። «የጀርባው መርፌ ነው። ለእርስዎ ለልብዎ ተብሎ መድኃኒት ቀድሞ ተሰጥቶዎት ነው እንጂ ከዚህ ይብሱ ነበር። ዶክተር ዋጊህ ከጎንዎ ቆሞ ነው የዋለው።»

ሐጅ ቀኝ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ማታ ለመጡት ጠያቂዎች የብረቱን ወሬ አላነሱላቸውም።

በምርኩዝ መሄድ ሲጀምሩ ወደ ቤታቸው እንዲመጣ ለዋጊህ መልእክት ላኩለት። ዋጊህ ሸርበቱን ባፈሰሰበት በዚያው ወንበር ላይ፣ ከበፊቱ ብሶ ፈርቶ ተቀመጠ። ራውያ ሸርበቱን ይዛ ገባች። ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ሲነካኩ ይሰማል፤ ለካ የሷም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሐጅ አንዱን ብርጭቆ አነሱና ግማሹን ወደ ራሳቸው ብርጭቆ ገለበጡ። የቀረውን ለዋጊህ በገዛ እጃቸው ሰጡት።

«እንዲህ አይፈስብህም» አሉት። «በል ጠጣ፣ ልጄ።»