አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ

«ተሰፍቶ አይገባም» አለች የሚዛኗ ሠራተኛ፣ ጥቅሉን በአንድ ጣቷ ወደ ፌንጣ መልሳ እየገፋች። «ውስጡ መታየት አለበት። ፍቺውና አምጪው፤ ካየሁት በኋላ ትሰፊዋለሽ።»

ፌንጣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። አንድ ቦታ መቆም ስለማትችል ቤትም ትምህርት ቤትም በዚህ ቅጽል ስም ነው የሚጠሯት። ጥቅሉን አየችው። ነጩ አቡጀዲ ዙሪያውን እንደ ጉንዳን ሰልፍ በደቀቀ ስፌት ተዘግቷል። አያቷ ሁለት ቀን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጠው የሰፉት ነው። በእሳቸው ጊዜ ጥቅል ተሰፍቶ ነበር ፖስታ ቤት የሚሄደው፤ ደንቡ መቀየሩን የነገራቸው የለም።

«እትዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ እኮ ነው የምዞረው። ሦስተኛው መስኮት አሉኝ፣ ሦስተኛው ቴምብር ብቻ ነው አለኝ፣ ከዚያ ደግሞ...»

«እኔ ራሴ እዚህ መስኮት ለመድረስ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል» አለች ሠራተኛዋ ሳትስቅ። «መኪናው ስድስት ሰዓት ላይ ይወጣል። ከደረስሽ ዛሬ ይሄድልሻል።»

ከኋላዋ ተሰልፈው የነበሩ ሽማግሌ ሳቁ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ኮሌታቸው ላይ ክር የተንጠለጠለበት መርፌ ተሰክቷል። ነቅለው ሰጧት።

«መቀስ እንዳትፈልጊ፣ ልጄ። ከቆረጥሽው መልሰሽ የምትሰፊበት ክር ያጥርሻል። አንድ በአንድ ነው የሚፈታው። ነይ፣ አግዳሚው ላይ እንቀመጥ።»

«ወረፋዎትስ፣ ጋሼ?»

«ወረፋ የት ይሄዳል? እዚሁ አይደል የሚያረጀው።»

ስፌቱን አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር። እሳቸውም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዩ ነበር።

«ማን ናቸው የሰፉት?»

«አያቴ፣ ለእህቴ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ክሩን የማስገባላቸው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ይሄን ዓይን አልሰፋውም፤ ጣት ነው የሰፋው። እጃቸው ይባረክ።»

አቡጀዲው ሲገለጥ ቀዩ ሹራብ ብቅ አለ። ፌንጣ ዓይኗን ሰበረች። ሹራቡ የተሠራው በእሷ ጦስ ነዋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቷ ነርስነት ልትማር ሌላ ከተማ ሄዳለች። ባለፈው ወር ደውላ፣ «እዚህ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሰማያዊ ጃኬቴን ላኩልኝ» አለች። ጃኬቱ በዚያች ሰዓት የት ነበር? ፌንጣ ቦርሳ ውስጥ። ክፍል ለብሳው በገባች ቀን ልጆቹ «ፓ፣ ዘንጠሽ የለ እንዴ» ብለዋት ነበርና ልትለየው አልቻለችም። «ፈልጌ አጣሁት» አለች። አያቷ አመኑ፤ ሦስት ሳምንት ተጎንብሰው ሹራብ ሠሩ። እሷም ጠዋት ጠዋት የሰፈሩን መታጠፊያ ስታልፍ ጃኬቱን ትለብሰዋለች፣ ስትመለስ ታወልቀዋለች። አሁንም ለብሳዋለች።

ልብስ ሰፊው ሹራቡን አንስተው በስንዝር ለኩት። «ለእህቴ ነው አላልሽም? ይሄ እኮ ላንቺ ልክ ነው።»

«በኔ ነው የለኩት። እሷ ትረዝማለች።»

«እጅጌው ያጥራታላ። ምነው፣ የእሷ ልብስ ጠፍቶ ነው?»

«ጃኬት ነበራት... አልተገኘም።»

ይህን ስትል እጇን ልትደብቅ ፈለገች፤ መደበቅ ግን አላስፈለጋትም፤ የጃኬቱ እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ይደርሳል። ልብስ ሰፊው እጅጌውን አዩት፣ ትከሻውን አዩት። ሹራቡን አጣጥፈው መለሱላትና ወደ ወረፋቸው ሄዱ። ፌንጣ «ምነው በተቆጡኝ» ብላ ተመኘች።

ሠራተኛዋ ጥቅሉን ሚዛን ላይ አደረገችው። «ሹራብ፣ ሁለት ካልሲ፣ ሦስት ሳሙና። እዚያ ሳሙና የለም እንዴ? አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ። ፎርሙ እስከ ሁለት ኪሎ ይይዛል፤ የምትጨምሪው ካለ አሁን ነው።»

«የለም» አለች ፌንጣ ቶሎ ብላ።

ሠራተኛዋ ፎርሙን ልትስብ እጇን ዘረጋች።

«ቆይ፣ እትዬ።»

ዚፑን ወደ ታች ሳበችው። መሀል ላይ ያዘ፤ እንደገና ሳበችው። ከኪሱ የማስቲካ ወረቀትና አንድ እርሳስ አወጣችና ጃኬቱን አጣጥፋ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ለሁለት ኪሎ ሃምሳ ግራም ይቀረዋል» አለች ሠራተኛዋ። «ልክክ አለ።»

«አንዲት ወረቀት ብጨምርስ?»

«ጨምሪ። ወረቀት አይከብድም።»

ፌንጣ ከደብተሯ ቀደደች። «ጃኬቱ ተገኘ» ብላ ጻፈች። ውሸት አይመስልም። ትንሽ አየችው፣ ሰረዘችውና ከሥሩ ጻፈች፦ «ጃኬቱ አልጠፋም ነበር። እኔ ነኝ የወሰድኩት። ሹራቡን አያታችን በኔ ልክ ሠርተውት ነው፤ እጅጌው አጠረኝ እንዳትያቸው፣ አደራ።»

ጥቅሉን መልሳ ሰፋችው። የእሷ ስፌት እንደ ሰካራም መንገድ ይወላገዳል፤ ቢሆንም ያዘ። ሠራተኛዋ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ አሳረፈችበት። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። መርፌውን ስትመልስ ልብስ ሰፊው ኮሌታቸው ላይ ሰኩትና፣ «ሮጥ ሮጥ እያልሽ ሂጂ፣ ብርድ ነው» አሏት።

ደጁ ላይ ነፋሱ በሸሚዟ ገባ። ሠራተኛዋ የሰጠቻትን፣ ዕቃው አንድ በአንድ የተዘረዘረበትን ደረሰኝ አወጣች። አያቷ ማንበብ ስለማይችሉ፣ ቤት ስትደርስ ጮክ ብላ ልታነብላቸው ነው፤ አንድ መስመር ብትዘል የሚያውቅ የለም። እየተራመደች ተለማመደች።

«ሹራብ፣ አንድ። ካልሲ፣ ሁለት። ሳሙና፣ ሦስት።»

የሰፈሯ መታጠፊያ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ዛሬ የምታወልቀው ነገር አልነበራትም።

«ጃኬት፣ አንድ» አለች፣ አያቷ አጠገቧ ያሉ ይመስል ቀስ ብላ፤ ከዚያም መንገዷን ቀጠለች።