አለቃ ጎሹ ምን ጻፈ?

ጆሮ ያላችሁ ቀጥ አድርጉ። ጆሮ የጠፋባችሁ ከጎረቤት ተዋሱ፤ ታሪኩ ሊጀመር ነው።

ከወንዙ ማዶ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት አለ። ከማነሱ የተነሳ ውጭ ፍየል ስታስነጥስ ሁለቱም ክፍል በአንድ ድምፅ «ይማርሽ» ይላል።

በግራ በኩል አንደኛ ክፍል፣ በቀኝ በኩል ሁለተኛ ክፍል። መምህሯ ግን አንድ ናቸው፤ መምህርት እቴነሽ።

ለአንዱ ክፍል «ሀ ሁ» ብለው ሮጥ ይላሉ። ለሌላው «ሁለት ሲደመር ሁለት» ብለው ደግሞ ሮጥ ይላሉ። ጫማቸው በዓመት ሰባት ጊዜ ያልቃል።

አንደኛ ክፍል ውስጥ ትርንጎ የምትባል ልጅ አለች። ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ቦርሳ አዝላ ስትሄድ፣ ከኋላዋ ያለ ሰው ቦርሳው ብቻውን የሚሄድ ይመስለዋል። ይህን ያህል ትንሽ ናት።

ትርንጎ ሁሉን ነገር ትጠረጥራለች። ዶሮ ስትጮህ «ምን ፈልጋ ነው?» ትላለች። ፀሐይ ስትወጣ «ዛሬ ደግሞ በዚህ በኩል መጣች?» ትላለች።

ሰኞ ጠዋት ደወሉ ተደወለ። ቃንግ! ቃንግ! ቃንግ!

ደወሉ የአሮጌ መኪና ቸርኬ ነው። ከግራሩ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ በብረት ይመታል።

ትርንጎ አንጋጣ አየችው። ያንን ብረት አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ መምታት ትፈልጋለች። ማታ በሕልሟ ሳይቀር ትመታዋለች።

«ሰልፍ!» ሲባል ልጆቹ ተሰለፉ። ሰልፉ ከመቅናቱ የተነሳ አንዲት ጉንዳን መንገድ መስሏት ከፊት እስከ ኋላ ሄደችበት።

መምህርት እቴነሽ ጥፍር ማየት ጀመሩ። «እጅ ወደ ፊት» አሉ።

ትርንጎ ዓይኗን ጠበብ አደረገች። «ጥፍራችንን በየሳምንቱ የሚያዩት ለምንድን ነው? ሊወስዱት ይሆን? ይሄ ነገር አላማረኝም።»

ክፍል ሲገቡ ሁሉም ብድግ አሉ። «እንደምን አደራችሁ?» አሉ መምህሯ። «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ ልጆቹ።

ትርንጎ ዓይኗን ጠበብ አደረገች። «ዓርብም ይህንኑ ጠይቀውናል። መልሳችንን አላመኑም ማለት ነው? ይሄ ነገር አላማረኝም።»

ከዚያ መምህርት እቴነሽ አዲስ ነገር አመጡ። «እኔ ሁለተኛ ክፍል ስሄድ እናንተ ዝም ብላችሁ ፊደላችሁን ትጽፋላችሁ። የሚያወራ ልጅ ስሙ ይጻፋል» አሉ።

ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩ። ዓይናቸው ጎሹ ላይ አረፈ።

ጎሹ ረጅም ነው። ደመና ሲያልፍ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል ይባላል፤ ያዩ ሰዎች አሉ።

«ጎሹ፣ አንተ ረጅም ነህ፤ አለቃ ሁን። ያወራውን እዚህ ላይ ጻፍ» ብለው ወረቀትና እርሳስ ሰጡት። «ዓርብ አነበዋለሁ። ስማቸው ካልተጻፈ ልጆች መሀል አንዱ የመውጫውን ደወል ይደውላል።»

የትርንጎ ልብ ድው ድው አለ። ደወሉ! ስሟ ካልተጻፈ ደወሉን ትመታለች።

መምህሯ ወጡ። ጎሹ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ወደ ልጆቹ ቀና አለ፤ ወደ ወረቀቱ ዝቅ አለ።

ጫር! ጫር! ጫር!

ትርንጎ ዓይኗን ጠበብ አደረገች። «አየኝ፤ ከዚያ ጻፈ። ይሄ ነገር አላማረኝም።»

ማክሰኞ ትርንጎ ድንጋይ ሆነች። አልተናገረችም፣ አልሳቀችም። አፍንጫዋ ላይ ዝንብ አርፋ ምሳዋን በልታ ሄደች፤ ትርንጎ ዝም።

ጎሹ ግን ቀና አለ፤ ዝቅ አለ። ጫር! ጫር! ጫር!

«ዝም ብዬም ይጽፈኛል?» አለች ትርንጎ በሆዷ። «ይሄ ነገር በጭራሽ አላማረኝም።»

ረቡዕ ቆሎ ይዛ መጣች፤ የሽምብራ ቆሎ። በእረፍት ሰዓት ጎሹ አጠገብ ቁጭ አለች።

«አለቃ፣ ቆሎ ትበላለህ?»

«እበላለሁ» አለ ጎሹ። እጁ እንደ ቁመቱ ነው፤ አንድ ጊዜ ዘግኖ ግማሹን ወሰደ።

«ወረቀቱ ላይ እኔ አለሁ?»

ጎሹ ማኘኩን አቆመ። ግንባሩን አላበው። «የአለቃ ወረቀት አይታይም» አለና ቆሎውን በልቶ ተነሳ።

ቆሎው ሄደ። መልሱ አልመጣም።

ክፍል ገቡ። መምህሯ ወደ ሁለተኛ ክፍል ሮጥ አሉ። ጫር! ጫር! ጫር!

ትርንጎ አልቻለችም። አጠገቧ ወዳለችው ወደ ሙጪት ጆሮ ተጠጋች። «ሙጪት፣ ሙጪት፣ አሁን የጻፈው እኔን ነው?»

«እኔ እንጃ፤ ለምን እኔን አይሆንም?» አለች ሙጪት በሹክሹክታ።

«አንቺ ምን አደረግሽ?»

«ምንም። አንቺስ?»

«ምንም።»

ሁለቱም አፋቸውን ያዙ። አውርተዋል። ጎሹ ግን ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረ ነበር።

ሐሙስ ትርንጎ እርሳሷን ሆን ብላ ጣለች። እርሳሱን ፍለጋ ብላ በወንበሮቹ ሥር ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች። በጎሹ እግር በኩል ብቅ አለች።

ጎሹ ወረቀቱ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠበት። እርሳሷ የወደቀበትን በአገጩ አሳያት።

ትርንጎ ዓይኗን ጠበብ አደረገች። ጠበብ ከማድረጓ የተነሳ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልታያትም። «ካልጻፈኝ ለምን ይደብቅብኛል? ይሄ ነገር አላማረኝም።»

ዓርብ ደረሰ።

መምህርት እቴነሽ መጡ። «አለቃ፣ ወረቀቱን አምጣ» አሉ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ውጭ ያለችው ፍየል ሳይቀር ማስነጠሷን ዋጠች።

ጎሹ ወረቀቱን ሰጠ። መምህሯ ወረቀቱን ገለጡት፤ አዩት፤ ገለበጡት፤ ደግመው አዩት።

«ጎሹ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ዶሮ ነው፣ ቲቸር።»

«ይሄስ?»

«እሱም ዶሮ ነው።»

«ይሄ ትልቁስ?»

«አውራ ዶሮ ነው።»

ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ዶሮ ብቻ ነው። የቆመች ዶሮ፣ የተኛች ዶሮ፣ እንቁላል ልትጥል ያሰበች ዶሮ። ስም የሚባል ግን የለም።

ጎሹ እንባው ዱብ አለ። «ቲቸር፣ እኔ መጻፍ አልችልም። ‹ሀ› ራሷ ገና አልወጣችልኝም። የሚወጣልኝ ዶሮ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«‹ረጅም ነህ፤ አለቃ ሁን› አሉኝ። ረጅም መሆኔ እውነት ነው። ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም።»

መምህርት እቴነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ተነቃነቀ። ሳቃቸው ፈንድቶ ጠመኔው ከእጃቸው ወደቀ።

«እውነትህን ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ሁለተኛ ክፍል ያለው አለቃ መጻፍ ይችላል። እናንተ ገና ፊደል እየቆጠራችሁ መሆኑን ረሳሁት።»

ሙጪት ብድግ አለች። «ቲቸር፣ ያቺ ወፍራሟ ዶሮ እኔ ነኝ?»

«ማንም አይደለችም» አለ ጎሹ እያለቀሰ። «ዶሮ ናት።»

መምህርት እቴነሽ እንባውን ጠረጉለት። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሩ። «እንግዲህ የማንም ስም አልተጻፈም። ሳምንቱን ሙሉ ያላወራ ማን ነው? እጁን ያውጣ፤ ደወሉን ይደውላል።»

እጅ ወጣ። ደግሞ እጅ ወጣ። የዚህም የዚያም እጅ ወጣ፤ ክፍሉ የሸንበቆ ማሳ መሰለ።

የትርንጎም እጅ ወጣ። ደወሉ በመስኮቱ ይታያታል፤ ቅርብ ነው።

ድንገት ረቡዕ ትዝ አላት። ሙጪት፣ ሙጪት ያለችው ትዝ አላት።

ማን አያት? ጎሹ ዶሮ ላይ ነበር። መምህሯ ሁለተኛ ክፍል ነበሩ። ከሙጪት በቀር ማንም አያውቅም።

ትርንጎ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ የገዛ እጇን አየችው። ሽቅብ ቆሟል። «ይሄ እጅ አላማረኝም» አለች በሆዷ።

እጇን ቀስ አድርጋ አወረደችው።

«ምነው ትርንጎ?» አሉ መምህሯ።

«ረቡዕ አውርቻለሁ።»

«ማን አየሽ?»

«ማንም አላየኝም፣ ቲቸር። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ።»

ከዚያ የሙጪት እጅ ወረደ። የጎን ልጅ እጅ ወረደ። ከኋላ ያሉት እጆች እንደበሰለ ኮክ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ አሉ።

አንድም የወጣ እጅ አልቀረም። የሁሉም ዓይን ጎሹ ላይ ሆነ። እሱ መጀመሪያም እጁን አላወጣም፤ እንባውን እየጠረገ ነበር።

«ጎሹስ? አንተ አውርተሃል?» አሉ መምህሯ።

ጎሹ አሰበ። «ዶሮ ስስል ማውራት አልችልም» አለ። «ምላሴን ነክሼ ነው የምስለው።»

«ስለዚህ ደወሉ የጎሹ ነው።»

ትርንጎ ደወሉን በመስኮት አየችው። ሩቅ ሆነባት። አንገቷን ደፋች።

ሁሉም ወጥተው ግራሩ ሥር ቆሙ። ጎሹ ብረቱን አነሳ። ከቁመቱ የተነሳ ደወሉን ለመምታት ጎንበስ ማለት አለበት ይላሉ የሚያጋንኑ ሰዎች።

ግን አልመታም። ዞር ዞር አለና ትርንጎን ፈለገ። ፊት ለፊቷ ተንበረከከ።

«ነይ፣ ትከሻዬ ላይ ውጪ።»

ትርንጎ ዓይኗን ጠበብ አደረገች። «ለምን? ይሄ ነገር አላማረኝም።»

«ቆሎሽን በልቻለሁ» አለ ጎሹ። «ደግሞ በዶሮዎቼ አልሳቅሽም።»

ትርንጎ ትከሻው ላይ ወጣች። ጎሹ ሲነሳ ወንዙ ታያት። ከወንዙ ማዶ ቤታቸው ታያት። ነገ የሚመጣው ቅዳሜም የታያት መሰላት።

ብረቱን በሁለት እጇ ያዘች።

ቃንግ! ቃንግ! ቃንግ!

ድምፁ ተራራውን ዞሮ ተመለሰ። ፍየሏ የዋጠችውን ማስነጠስ ለቀቀች፤ ሁለቱም ክፍል «ይማርሽ» አለ።

ማታ ትርንጎና ትንሽ ወንድሟ ቢያድግልኝ ጎን ለጎን ተኙ። የቢያድግልኝ ወሬ ግን አላለቀም። ስለ እንቁራሪት አወራ። ስለ እንቁራሪቷ እናት አወራ።

«ኧረ ልጆች ተኙ» አሉ እናታቸው ከወዲያ።

ትርንጎ ተነሳች። ከቦርሳዋ ወረቀትና እርሳስ አወጣች። ጫር! ጫር! ጫር!

«ምን እየጻፍሽ ነው?» አለ ቢያድግልኝ።

ወረቀቱን አሳየችው። ጎሹ አስተምሯታል፤ ምላሷን ነክሳ ነው የሣለችው።

«ይሄ ዶሮ ነው» አለ ቢያድግልኝ።

«የሚያወራ ሰው ነው» አለች ትርንጎ።

ቢያድግልኝ ዶሮውን አየ። እህቱን አየ። ደግሞ ዶሮውን አየ። ዓይኑን ጠበብ አደረገ።

«ይሄ ነገር አላማረኝም» አለና ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ሳበ።

ትርንጎ ወረቀቱን ከትራሷ ሥር አደረገች። ከጆሮዋ ውስጥ ደወሉ ገና አልወጣም። ቃንግ። ቃንግ። ቃን…

ዝም። ከእንግዲህ ያወራ ሰው ዶሮ ይሣልበታል።