ጭድ የተሞላው ጥጃ

ቦራ ከጋጣዋ የለችም።

ሽታዬ በማለዳ ማለቢያዋን ይዛ ስትገባ ያገኘችው የተፈታ ጠፍር ብቻ ነበር። ልጇ ከሦስት ወር በፊት በወሊድ ሞታ ጨቅላ ትታባታለች። ጨቅላዋ የምትኖረው በዚያች ላም ወተት ነው።

ከትክል ድንጋይ ፖሊስ ጣቢያ መቶ አለቃ ፋንታሁን መጣ። ባሕር ማዶ አራት ዓመት ምርመራ ተምሮ በዚያው ዓመት፣ በ፲፱፻፵፯ ዓ.ም.፣ የተመለሰ ነው። በቦርሳው የጣት አሻራ ማንሻ ዱቄትና ብሩሽ ይዟል። ጠፍሩን አየ። እበቱን አየ። ቦርሳውን ሳይከፍት መልሶ አነገተው።

ግድግዳው ላይ ጭድ የተሞላ የጥጃ ቆዳ ተንጠልጥሏል። ምን እንደሆነ ጠየቀ። የቦራ ጥጃ ሞቷል፤ ቆዳውን ጨው ነስንሰው ካላስላሷት ወተቷን አትሰጥም አለችው ሽታዬ። በተማረበት አገር ያልሰማው ነገር ነበር። ማስታወሻው ላይ አልጻፈውም።

የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም የሻው ከሽታዬ ደጅ ቆሞ ነበር። የጎንደሩ ከብት ነጋዴ ሐቢብ ባለፈው ቅዳሜ ቦራን ሊገዛ ጠይቆ እንደነበር የተናገረው እሱ ነው።

ፋንታሁን ጎንደር ሄዶ የሐቢብን በረት ፈተሸ። ቦራ አልተገኘችም። ሰውየውን ግን አላመነውም፤ በሦስተኛው ቀን ይዞት ሽታዬ ቤት ተመለሰ። ጨቅላዋ በገብስ ውኃ የተነከረ ጨርቅ እየጠባች ታለቅሳለች።

ግድግዳው ባዶ ነበር።

"ትናንት ማታ ነው ያጣሁት" አለች ሽታዬ።

ሐቢብ ሳቀ። "ጌታው፣ ቆዳው ሲሰረቅ እኔ ከርስዎ ጋር መንገድ ላይ ነበርሁ። ደግሞስ ለሥጋ የምትነዳ ላም ትታለባለች? ይኸን የወሰደው ሊያልባት ሞክሮ እምቢ ያለችው ሰው ነው።"

ፋንታሁን አፈረ። ትናንት ማን ቤቷ እንደገባ ጠየቃት። ከብት ለጠፋበት ሰው ጎረቤት ሁሉ "እግዜር ይተካ" ሊል ይመጣል፤ ሃያ ሰው መጥቷል። መጨረሻ የወጣው ማን ነበር?

ሽታዬ ባዶውን ግድግዳ አየች። "አያ የሻው። ጋቢያቸውን ተጠቅልለው።"

አብረው ወደ የሻው ቤት ወረዱ። ደጁ ላይ የታሰረች ላሙ ትጮኻለች፤ ጠፍሯን እየጎተተች አልረጋ ብላለች። የሻው ጠጋ ብሎ እጅ ነሣ። ሚስቱ አየለች ቀና ብላ አላየችም። ውሻቸው ከገል ላይ ነጭ ነገር ይልሳል።

"አያ የሻው፣ ላምዎ ትታለባለች?" አለ ፋንታሁን።

"ከነጠፈች ሦስት ዓመቷ።"

"ሌላ የምትታለብ አለችዎ?"

"ከየት መጥታ።"

"ታዲያ ውሻዎ የሚልሰው ወተት ከየት መጣ?"

አየለች ተነሥታ የጓሮውን በር ከፈተች። ቦራ እዚያ ነበረች፤ ጭድ የተሞላውን ቆዳ ትልሳለች።

ሁለቱ ላሞች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የወንድማማቾቹ አባት ሲሞት ዕጣ ጣሉ፤ ቦራ ለታናሽየው፣ ለሽታዬ ባል፣ ወጣች። በየዓመቱ ወለደች። የየሻው አንድ ጊዜ ወልዳ ነጠፈች።

"ወተቱ አልነበረም የጎደለኝ" አለ የሻው። "አረፋው በኔ ማለቢያ ሲሞላ ማየት ፈለግሁ። አንድ ቀን እንኳ።"

"ምነው አያ የሻው" አለች ሽታዬ። "ያገሩ ላም ሁሉ ወደኔ ኮርማ ይመጣል። ያንቱን አንድ ቀን አላየኋትም።"

"ከወንድሜ ኮርማ?"

"ኮርማ በፈለገች ቁጥር ጋጣ ይዘጋባታል" አለች አየለች። "ዛሬም ስትጮኽ ነው ያደረችው።"

ፋንታሁን ወደ ላሟ ዞሮ አየ። መካን አልነበረችም።

የየሻውን እጅ አሰረ። ሽታዬ ቆዳውን ብብቷ ውስጥ ይዛ ቦራን ነዳች። ደጁ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"አየለች፣ ላሟን ፍቺና ተከተይኝ። ኮርማው ከደጄ ነው።"

"እንዳትፈቺ!" አለ የሻው።

አየለች ጎንበስ ብላ ጠፍሩን ፈታች።