አራተኛው እርከን

እሑድ ከቀኑ በስድስት ሰዓት፣ ነቀምቴ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ጌም ቤት ውስጥ፣ ቤቷን ተከራይቶ የሚያሠራት ሠርፀ የተባለ የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። አጠገቡ ከላይኛው መደርደሪያ የወረደ አሮጌ የመብራት ስታቢላይዘር ተጋድሟል፤ አንዱን ጥግ ደም ነክቶታል። ከራስጌው አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ፖሊስ ሲደርስም ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

ሳጅን ጫንያለው ሌላ ሰው አልፈለገም። ሽማግሌውን፣ ኦቦ ዋቅወያን፣ ይዞ ወደ ጣቢያ ወሰዳቸው። ኢንስፔክተር አዜብ ሰኞ ጠዋት ከዕረፍት ስትመለስ መዝገቡ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

«ቅዳሜ ሰው ሁሉ እየሰማ ዝተውበታል» አለ ሳጅኑ። «‹የልጄን ሞት መጫወቻ አደረግኸው› ብለው በሩን በዱላ ሲመቱ ሰፈሩ አይቷል። እሑድ ከሬሳው ጋር ተገኙ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

«ዱላ ይዞ የመጣ ሰው ስታቢላይዘር ፍለጋ መደርደሪያ ላይ ለምን ይንጠራራል?»

ሳጅኑ ኮፍያውን አንሥቶ ጭንቅላቱ ላይ ደፋና ቀድሟት ወጣ። እሱ የጨረሰውን ሥራ ሌላ ሰው ሲደግምበት አይወድም።

ጌም ቤቷ ሦስት ኮምፒዩተሮች፣ ሦስት ወንበሮችና አንድ የጨርቅ መጋረጃ ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ሁለቱ ኮምፒዩተሮች እሑድ ከተገኙ ጀምሮ እንደበሩ ናቸው። የቀረው የአንደኛው ሶኬት ግን ተነቅሎ መሬት ላይ ወድቋል። አዜብ እሱን ለብቻው አየችው።

ከተማውን ያሳበደው ጨዋታ ሠርፀ ራሱ የሠራው ነበር። ስሙ «ሰባት እርከን» ይባላል። በግንባሩ ላይ መብራት ያሰረ አንድ ሰው ዶማ ይዞ ወደ ወርቅ ጉድጓድ ይወርዳል። ከእርከን ወደ እርከን ይዘላል፣ ፊት ለፊትም ከራስ በላይም ያለውን ድንጋይ ይፈልጣል፤ ሰባተኛው ላይ ወርቁን አንሥቶ መብራቱ ሳይጠፋ መውጣት አለበት። ወርዶ መውጣቱ በጠቅላላ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ከሞተ ከጉድጓዱ አፍ እንደገና ይጀምራል።

የጉድጓዱን መልክ ሠርፀ ከራሱ አላመጣውም። የኦቦ ዋቅወያ አንድያ ልጅ ሞሲሳ የልብ ጓደኛው ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ሞሲሳ ከአንድ ሰው ጋር ሆኖ ወርቅ ሊቆፍር ሄደና በዚያው ቀረ። በድብቅ የሚቆፍሩ ሰዎች ጉድጓዳቸው የት እንዳለና ከማን ጋር እንደሚወርዱ ለወለደቻቸው እናት እንኳ አይናገሩም። ሞሲሳም አልተናገረም። ደብተር ላይ የሣላቸውን እርከኖች ግን ፎቶ እያነሣ ለሠርፀ ይልክለት ነበር። ከዚያ በኋላ ሬሳውም፣ ጉድጓዱም፣ አብሮት የወረደው ሰውም አልተገኙም።

አዜብ ምን እንደሚመስል ልትሞክር ከበሩት ኮምፒዩተሮች በአንዱ ፊት ተቀመጠች። አራተኛው እርከን ላይ ጣሪያው ተናደና ቀበራት። ዘንድሮ አርባ ዓመት የሚሞላት ሴት «የቸኮልሁት እኔ ነኝ» አለች ለራሷ፤ ደገመች። ሌላ ጨዋታ ሲገድል ያናድዳል፤ ይሄኛው ግን ሲገድል ጥፋቱ የራስ ይመስላል፣ መንገዱም አጭር ስለሆነ አሁንስ አልሳሳትም ያሰኛል። ሰባተኛ ጊዜ ስትሞት ሳጅኑ በመጋረጃው ብቅ አለ።

«ምርመራው እንዴት ይዟል?» አለ።

«ሰባቴ ሞቻለሁ» አለች ዓይኗን ሳታነሣ።

ቀጥሎ ያነጋገረቻት የቤቱ ባለቤት የምሥራች ነበረች። ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነው የተቀበለቻት፤ ተቀመጪም አላለቻት። ልጁ ቤቱን እንዲለቅ ከነገረችው ወር እንደሆነው፣ ጩኸቱ እንዳሳመማት፣ አሁን ደግሞ ሰው የሞተበት ቤት ማን እንደሚከራያት ፖሊስ እንዲነግራት ጠየቀች። እሑድ ከአምስት ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ሠርፀ በረንዳ ላይ ወጥቶ በስልክ በሹክሹክታ ሲያወራ አይታዋለች።

«ውስጥ ሰው ነበር?»

«መጋረጃ አልገልጥም። የጨዋታው ድምፅ ግን ይሰማ ነበር፤ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል?»

ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ጉሉማ ግማሽ ጢሙን የላጨውን ደንበኛ ትቶ ወጣ። ደንበኛው አልተገረመም፤ ለምዶታል። ጉሉማ በየቀኑ እንደሚጫወትና ሚስቱ በዚህ የተነሣ ወላጆቿ ቤት እንደሄደች ሳይጠየቅ ተናገረ። እሑድ ጠዋት ግን ጌም ቤቷ እንደ ወትሮው ዝግ ስለነበረች አልሄደም፤ የምትከፈተው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። አዜብ አራተኛው እርከን እንዴት እንደሚታለፍ ጠየቀችው።

«እሱ ዕድል ነው፣ አዴ አዜብ። ሮጠው ይገባሉ፤ ካልተናደ አለፉ። ሠርፀን ስንት ጊዜ ለመንሁት፤ ይስቅብኛል እንጂ አይነግረኝም።»

የባጃጁ ሾፌር በኃይሉ ተራው ላይ ቆሞ ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክር ነበር። በጨዋታው የታወቀ ሰው ነው፤ ጉሉማን የሚበልጠው እሱ ብቻ ነው ይባላል። ፖሊስ የሰው እንጀራ ይዘጋል ብሎ ጀመረ። ከሐሙስ ወዲህ ጌም ቤቷን እንዳልረገጠ፣ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎችን ሲያመላልስ እንደዋለ ተናገረ። ወርቅ ቁፋሮ ሄዶ ያውቅ እንደሆነ ስትጠይቀው ሳቀ።

«እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። ከመሬት በታች የምገባው ስሞት ነው።»

አዜብም ሳቀች። ልትሄድ ዞር ብላ፣ ሥራዋ ያለቀ አስመስላ፣ እዚያ አራተኛው እርከን ላይ ሰባት ጊዜ መሞቷን ነገረችው።

«ተቻኩለው ነው» አለ በኃይሉ። «ሳይገቡ ጣሪያውን በዶማው ጀርባ ያንኳኩ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ይለፉ፤ ካስተጋባ ይመለሱ። ይኼ ምን ይከብዳል?»

አመስግናው ሄደች።

ኦቦ ዋቅወያ ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ውኃ ስትሰጣቸው ኩባያውን በግራ እጃቸው ተቀበሉ። ቀኝ እጃቸው ከትከሻቸው በላይ አይነሣም፤ በጉልምስናቸው ወርቅ ሲቆፍሩ ጣሪያ ተንዶባቸው የተረፈ ጉዳት ነው። ለሳጅኑ ነግረውት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አልጠየቀኝም አሉ።

እሑድ ሠርፀ ደውሎላቸው ነበር። ጉቶ ጊዳ ካለው እርሻቸው ተነሥተው በእግራቸው አንድ ሰዓት ተጉዘው ሲደርሱ ሞቶ አገኙት።

«ምን ብሎ ነው የደወለው?»

«‹አባ፣ ሰውየውን አገኘሁት፤ ይምጡ› አለኝ። ዘጋው። ቅዳሜ ክፉ ተናግሬው ነበር። የልጄን ሞት ያላገጠበት መስሎኝ። ጨዋታውን ያን ሰው ፍለጋ እንደሠራው የነገረኝ እሑድ ነው፤ በአንድ ቃል።» ኩባያውን አስቀመጡ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔን መታሰሩ አይደለም የከበደኝ። ሠርፀ ያገኘው ሰው ሞሲሳ የት እንደወደቀ ያውቃል። እኔ እዚህ ተቀምጬ እሱ ከተማ ጥሎ ቢሄድ አጥንቱን ማን ያሳየኛል?»

አዜብ ወደ አንድ ያልታወቀ ጉድጓድ የሚገባ ሰው ጣሪያው እንደማይናድበት በምን እንደሚያውቅ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ሕፃን የጠየቃቸው ያህል አዩዋት።

«በዶማ ጀርባ ነዋ። ታንኳኳለህ። ጥርት ብሎ ከጮኸ ሕያው ነው። እንደ ባዶ በርሜል ካስተጋባ ትወጣለህ። ቆፋሪ ሳያንኳኳ አንድ እርምጃ አይገባም። እጁ ራሱ ያንኳኳል።»

አዜብ ኩባያውን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። ሳጅኑን ጠርታ ከሟቹ ኪስ የወጣውን ስልክና ደብተሩን ጠየቀችው። ሳጅኑ በላስቲክ አሽጎ አስቀምጧቸዋል፤ አልከፈታቸውም። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጌም ቤቷ ገብታ መጋረጃውን ዘጋች። በበሩት በሁለቱ ኮምፒዩተሮች ላይ አራተኛው እርከን ደርሳ ጣሪያውን አንኳኳች፤ ድምፅ የለም። የአንደኛውን ሶኬት ሰካችና እዚያም አንኳኳች። ጣሪያው መለሰላት።

ማክሰኞ በስምንት ሰዓት ሁሉም እዚያው ተሰበሰቡ። ጉሉማ መቀሱን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ መጥቷል። የምሥራች በሩ ላይ እጇን አጣጥፋ ቆመች። በኃይሉ ባጃጁን ማን እንደሚጠብቅለት ጠየቀ። ኦቦ ዋቅወያ በሳጅን ጫንያለው አጠገብ ተቀመጡ። ሰላምታ የተለዋወጠ ሰው አልነበረም።

«ከዱላው እንጀምር» አለች አዜብ። «ሠርፀን የመታው ሰው መሣሪያ ይዞ አልመጣም። ያገኘውን ነው ያነሣው፤ ያገኘው ደግሞ ከራሱ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ነው። ኦቦ ዋቅወያ በእጃቸው ዱላ ነበራቸው። ቀኝ እጃቸው ደግሞ እዚያ ድረስ አይነሣም። ሳጅን፣ አይተኸው ታውቃለህ?»

ሳጅኑ ወደ ሽማግሌው እጅ ተመለከተ። ከዚያ ወደ መሬት።

«ሁለተኛ። የሠርፀ ስልክ እሑድ አምስት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ላይ ለኦቦ ዋቅወያ መደወሉን ያሳያል። የምሥራችም በረንዳው ላይ አይታዋለች። ጨዋታው ደግሞ ተጫዋች በሞተና እርከን ባለፈ ቁጥር ሰዓቱን በራሱ ይመዘግባል። ያ ሶኬቱ የተነቀለው ኮምፒዩተር አራተኛው እርከን በዚያችው ደቂቃ ላይ እንደታለፈ ጽፏል። ሠርፀ ውጪ፣ ኦቦ ዋቅወያ ጉቶ ጊዳ፣ በአንድ ስልክ ላይ ነበሩ። ታዲያ የተጫወተው ማን ነው? ገዳዩ ሶኬቱን ሲነቅል መዝገቡ የሚጠፋ መስሎታል።»

«ማንም ሊሆን ይችላል» አለ በኃይሉ። «ከተማው ሁሉ ይጫወታል።»

«ያንን ከተማው አልተጫወተውም።» አዜብ ደብተሩን ገለጠች። «ሠርፀ እንዲህ ብሎ ጽፏል፤ ‹ቅዳሜ ማታ። አራተኛው አለቀ። በአንደኛው ላይ ብቻ ጫንሁት። ለማንም አልናገርም።› ምኑ እንዳለቀ ትናንት አወቅሁ። እዚያኛው ላይ ጣሪያውን ስታንኳኳው ይመልሳል። በቀሩት ላይ ድንጋይ ነው፤ ዝም ይላል። ጉሉማ፣ አራተኛውን እንዴት ታልፋለህ?»

«ነግሬዎታለሁ። በዕድል ነው።»

«ዕድል ነው። እስከ ቅዳሜ ድረስ ለሁሉም ዕድል ነበር። እሑድ የተጫወተው ሰው ግን በመጀመሪያው ሙከራ አለፈ። ማንም ሳያስተምረው አንኳኳ፤ ምክንያቱም እጁ ቆፋሪ ነው። ሠርፀ የሚፈልገውን ሰው ያወቀው ሲያንኳኳ ባየው ጊዜ፣ እርከኑ ገና ሳይታለፍ ነው። ወጥቶ ደወለ። ሲመለስ ያ ሰው ሰምቶት ነበር።» ደብተሩን ዘጋች። «በኃይሉ፣ አንተ ከሐሙስ ወዲህ እዚህ አልገባሁም አልክ። ጉድጓድም አላውቅም አልክ። ከዚያ ጣሪያው እንደሚያስተጋባ ነገርከኝ። ያን ድምፅ በዚህ ቤት የሰማው ሰው አንድ ነው፤ እሱም እሑድ ጠዋት ነው የሰማው።»

በኃይሉ ቁልፉን ማሽከርከር ተወ። ስለ ጨዋታው የተናገረው ምን ስሕተት እንዳለበት ገና አሁን የገባው ይመስል ነበር። ጣሪያን ማንኳኳት ለእሱ ምሥጢር አልነበረም፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነገር ነበር።

«ገምቼ ነው» አለ።

«የከተማ ልጅ አይገምተውም» አለ ጉሉማ። «ሁለት ዓመት ስጫወት እኔ አልገመትሁም።»

በኃይሉ ወደ በሩ አየ። የምሥራች ፈቀቅ አላለችለትም። ሳጅን ጫንያለው ቀስ ብሎ ከኦቦ ዋቅወያ አጠገብ ተነሣና ካቴናውን በበኃይሉ እጆች ላይ አሰረ። ማንም ሳይጠይቀው በኃይሉ መናገር ጀመረ። ሠርፀ አዲስ ነገር ሠራሁ፣ ሰው ሳይመጣ ሞክርልኝ ብሎ ጠራው። ከበረንዳው ‹አገኘሁት› ሲል ሰማው። ሲመለስ፣ ሞሲሳን የት ጣልኸው ብሎ ጠየቀውና መልስ ሳይጠብቅ ፊቱን አዙሮ በሩን ሊዘጋ ሄደ። መደርደሪያው በእጁ ልክ ነበር።

ኦቦ ዋቅወያ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። አልጮኹም።

«አሳየኝ» አሉ።

በኃይሉ በታሰሩት እጆቹ የኮምፒዩተሩን ቁልፎች እየተጫነ ያን ትንሽ ሰው አወረደው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አራተኛው ላይ አቆመው። «ከዚህ ጣሪያ ሥር ነው። እኔ ከላይ ነበርሁ። ወርቁ በእጄ ነበር» አለ። ጉድጓዱ በየትኛው ሸለቆ እንዳለም ተናገረ፤ ሳጅኑ ጻፈ።

«ሲናድ ሞተ?» አሉ ሽማግሌው።

በኃይሉ ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሣ።

«ልጄ ቆፋሪ ነው። ከሥር ሆኖ አንኳኳ?»

«በማግሥቱ ተመልሼ ሄጄ ነበር» አለ በኃይሉ ስክሪኑን እያየ። «ያንኳኳ ነበር።»

የምሥራች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ስክሪኑ ላይ የቆመው ሰው መብራት እየደከመ ሄደ፤ ቁልፍ የነካለት ሰው አልነበረም። ሲጠፋ ጉሉማ ዘወትር በተራ የሚጣላበትን ወንበር በእግሩ ገፋ አድርጎ ለሽማግሌው አቀረበላቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«ነገ ወደዚያ ስትሄዱ ዶማ ይዤ እመጣለሁ» አሉ ለአዜብ። «ግራ እጄ ጤና ነው።»