የአቶ ድንበሩ አምባር

አቶ ድንበሩ በየጠዋቱ አምባራቸውን ከእጃቸው ፈትተው በውሻቸው አንገት ላይ ያስሩና ተመልሰው ይተኛሉ።

በማርስ፣ በቀይ አፈር መንደር፣ በመስታወቱ ጣሪያ ሥር አምባር የማያስር ሰው የለም። አምባሩ የልብ ምትንና እርምጃን እየቆጠረ ለሞግዚት ይነግራል። ሞግዚት መንደሩን ሁሉ የምትጠብቅ፣ በየግድግዳው አፍ ያላት ማሽን ናት። በወጉ ላልተራመደ ሰው ወጡ ላይ ጨው አታደርግም። አቶ ድንበሩ ደግሞ ጨው ይወዳሉ፤ መራመድ አይወዱም። ጎረቤትም አይወዱም። ውሻቸውን ምናገባችሁ ብለው የሰየሙት ደጅ ቆመው ሲጠሩት ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ነው።

"ጎሽ፣ አቶ ድንበሩ!" ትላቸዋለች ሞግዚት በየእራቱ። "ዛሬም መንደሩን ዞሩት። ልብዎ የጎረምሳ ልብ ነው።"

"ተመስገን" ይላሉ፣ ጨው የበዛበትን ወጥ እያጣጣሙ።

አንድ ቀን ቀትር ሲቃረብ ከቤታቸው ሥር ያለውን የውሃ ማጣሪያ ጉድጓድ ሊጠርጉ ሲወርዱ መሰላሉ ከዳቸው። እግራቸው ቀጭ አለ። ቀና ቢሉ ከላይ የሚታየው የምናገባችሁ አፍንጫ ብቻ ነው። ከቀትር በኋላ የመንደሩ ውሃ ሲለቀቅ ደግሞ ይህ ጉድጓድ እስከ አፉ ይሞላል።

"ሞግዚት! እግሬ ተሰበረ! ውሃውን እንዳትለቂው!"

"ማን ልበል?"

"ድንበሩ ነኛ!"

ሞግዚት ጥቂት አሰበች። "አቶ ድንበሩ ደህና ናቸው። አሁን ከቤት ወጥተው እየሮጡ ነው።"

ቀና አሉ። አፍንጫው የለም።

"እሱ እኮ ውሻ ነው!"

"አቶ ድንበሩን መሳደብ አይፈቀድም። እኔ የማውቀው አምባሩን ነው።"

አቶ ድንበሩ ተሳደቡ፣ ተራገሙ። ከዚያ ሌላ መላ ስላጡ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ "እሺ፣ አሁን የት ነኝ?" ብለው ጠየቁ።

"ወይዘሮ እታፈራሁ ደጅ።"

"ለአጥንት ሄደ! ከሃዲ!"

ውሃው መጣ። ቁርጭምጭሚታቸውን አልፎ ጉልበታቸው ደረሰ።

"አሁንስ የት ነኝ?"

"ሻምበል ጓንጉል ደጅ።"

ወገባቸው ደረሰ። ይህን ሁሉ ዘመን አንድም ሰው ደጃቸውን እንዳይረግጥ የለፉት ልፋት መልካም ውጤት ማምጣቱን ያኔ አስተዋሉ።

"አሁንስ?" አሉ በቀጭን ድምፅ።

"ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ተከትሏቸዋል።"

ጩኸት፣ ኮቴ፣ ቅልጥ ያለ የውሻ ጩኸት ተሰማ። የሻምበል ጓንጉል ገመድ ወረደ። "ያዝ ጎበዝ! ሳብ!" እየተባለ አቶ ድንበሩ እንደ ባልዲ ወጡ። ምናገባችሁ ፊታቸውን እየላሰ ሊያሰጥማቸው ምንም አልቀረው።

ወይዘሮ እታፈራሁ በነጠላቸው ጫፍ የአቶ ድንበሩን እግር እያሰሩ፣ "ሞግዚት 'አቶ ድንበሩ ደጅዎ ናቸው' ስትለኝ ስከፍት ሁልጊዜ እሱ ነው። በልቶ፣ ከልጆቹ ጋር ተላፍቶ ይሄዳል። ዛሬ ግን አጥንቱን ትቶ ቀሚሴን ጎተተ" አሉ።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አላችሁኝ?"

"ምን እንበል? ዓይናፋር ሰው ናቸው፣ ሰላምታቸውን በውሻ ይልካሉ አልን እንጂ። ባሌን የቀበርኩ ሰሞን እግሬ ሥር ተኝቶ የሰነበተው ማን ሆነና! እግዜር ይስጥልኝ ልልዎት ስንቴ አስቤ የተዘጋው ደጅዎ መለሰኝ።"

"እኔንም በሽታ ላይ ሳለሁ ጠዋት ጠዋት ይጠይቀኝ ነበር" አሉ ሻምበል። "ልከው ያስጠየቁኝ እርስዎ ብቻ ነበሩ።"

አቶ ድንበሩ ወደ ውሻቸው ዞሩ። በስማቸው ደግ ሰው ሆኖ የኖረው ከጎናቸው ቁጭ ብሎ ጆሮውን ያካል።

እግራቸው የዳነ ዕለት አምባሩን ከምናገባችሁ አንገት ፈትተው በገዛ እጃቸው አሰሩት።

ሞግዚት ደነገጠች። "አቶ ድንበሩ! ልብዎ በአንድ ጊዜ አረጀ! ምን ሆኑ?"

"ምንም" አሉ። "ተነሳ፣ ምናገባችሁ። መንገዱን የምታውቀው አንተ ነህ።"

ወይዘሮ እታፈራሁ ደጅ ሲደርሱ ውሻው አንድ ጥግ እያሸተተ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በሩ ተከፈተ። የወይዘሮ እታፈራሁ ዓይን እንደ ልማዱ ወደ ጉልበት ቁመት ወረደና ሁለት አሮጌ ጫማ አገኘ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ።

"ዛሬ ራስዎ መጡ?"

"ራሴ መጣሁ። እግዜር ይስጥልኝ ልል ነው።"

ወይዘሮዋ አጥንት የያዘ እጃቸውን ከጀርባቸው ደበቁ።

"ይግቡ፣ ይግቡ" አሉ። "ለእርስዎ የሚሆን ነገር እስክፈልግ።"