ከበሩ ወዲህ ያለው ወንበር

በእኛ ከተማ፣ በኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ አንድ ልማድ አለን። በሜይ ወር የመጀመሪያ ቀን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የመረጡት ኮሌጅ ስም የታተመበትን ካናቴራ ለብሰው ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ መምህራንና ወላጆች ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው ያጨበጭባሉ። ስሙ የገነነ ኮሌጅ ሲያልፍ ጭብጨባው ይደምቃል። ርካሹ የሁለት ዓመት የወረዳችን ኮሌጅ ሲያልፍ ግን ሰዉ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ዋጋውን የሚጠይቅ የለም፤ መጠየቅ ነውር ነው።

ለእኔም ከሃያ ዓመት በፊት ሞቅ አድርገው አጨብጭበውልኛል። ሳይኮሎጂ ላጠና ነበር የሄድኩት። ዛሬ በአንድ የምክር አገልግሎት ክሊኒክ ቀጠሮ ያዥ ነኝ፤ ወንበሬም ከአማካሪዋ በር ወዲህ ነው። ሰዎች ዓይናቸው ቀልቶ ይገባሉ፣ ፊታቸው ቀለል ብሎ ይወጣሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ በር በተዘጋ ቁጥር ልቤ አብሮ ይገባል። ነገር ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻውን እዚያ ውስጥ አያስቀምጥም፤ ማስተርስና የሥራ ፈቃድ ይጠይቃል። እኔ ደግሞ አቅሜን ሁሉ በመንገዱ እኩሌታ ጨርሼ ቁጭ አልኩ። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ኤፕሪል፣ በመጨረሻው እሁድ፣ ወንድሜ ዱዌይን ጓሮው ውስጥ ሥጋ ሲጠብስ ልጁ ኮሪን ወረቀት ይዛ መጣች። የስድስት ሰዓት መንገድ ርቆ ያለ ስመ ጥር ኮሌጅ ለሳይኮሎጂ ተቀብሏት ነበር። ለክፍያው በምትወስደው የትምህርት ብድር ላይ አባቷ መፈረም ነበረበት።

«አባዬ፣ ፈርምልኝ በቃ። ካናቴራው እንኳ ደርሷል።»

«ካናቴራው ከደረሰማ አለቀ!» አለ ዱዌይን። «እንግዲህ የሰው ጭንቅላት ልትጠግኚ ነው? ከእኔው ጀምሪ፣ ብዙ ሥራ አለው።»

«ያንተን አልችለውም፣ ስፔሻሊስት ይፈልጋል።»

ሦስታችንም ሳቅን። ዱዌይን እጁን ጠራርጎ እስክሪብቶ ፈለገ። «ዲግሪ ዲግሪ ነው። አክስትሽን ማርላን እያት፣ ቢሮዋ ውስጥ ተቀምጣ ትኖራለች። እኔ ጎማ ሳነሳ ስጥል ወገቤ ተቆረጠ። ለልጄ አልሰስትም።»

እንደ ልማዴ ዝም ልል ነበር። ግን ኮሪን አቀፈችኝና «አክስቴ፣ እኔ እኮ ልክ እንዳንቺ ሰው ማዳመጥ ነው የምፈልገው» አለችኝ።

«እኔ ማንንም አላዳምጥም፣ የኔ ቆንጆ» አልኳት። «እኔ ስልክ ነው የማነሳው።»

ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። በዓመት ሠላሳ ስምንት ሺህ ዶላር ብቻ እንደማገኝ፣ የትምህርት ብድሬን እስከ ዛሬ በየወሩ አራት መቶ ዶላር እንደምከፍል፣ የማስተርስ ማመልከቻ ሦስት ጊዜ ሞልቼ ሦስቴም መሳቢያ ውስጥ እንደከተትኩት ነገርኳቸው። ሥጋው እያረረ ነበር።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ምነው ዝም አልሽ?» አለ ዱዌይን።

«አጨብጭባችሁልኝ ነበራ። አፈርኩ።»

ዱዌይን እስክሪብቶውን ወረወረው። «እንግዲያው ይቅር! ነርስነት ተማሪ። ሳይኮሎጂ እንጀራ አይሆንም።»

የኮሪን ዓይኖች እንባ ሞሉ። «እማዬ ስትሞት ማንም ምን እንደሚለኝ አያውቅም ነበር፤ አንተም ጭምር። ያቺ ትምህርት ቤት የመጣችው አማካሪ ሴትዮ ናት ቁጭ ብላ አዳምጣኝ ያስለቀሰችኝ። ስሟን እንኳ አላውቀውም። እሷን መሆን ነው የምፈልገው።»

ዱዌይን አንገቱን ደፋ። እኔ እጇን ያዝኩ።

«እሷን ሁኚ። ግን መንገዱ ስድስት ዓመት ነው፤ ስንቅሽን መጀመሪያ ላይ አትጨርሺ። ሁለት ዓመት ከቤትሽ እየተመላለስሽ የወረዳውን ኮሌጅ፣ ሁለት ዓመት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ። ለሁለት ዓመቱ ማስተርስ አቅም ይቀርሻል። ምኞትሽን ተዪው አላልኩም፤ ዋጋውን ጠይቂ ነው ያልኩሽ።»

ኮሪን ዓይኗን ጠርጋ «ታዲያ ረቡዕ ዕለት ኮሪደሩ ላይ ማን ያጨበጭብልኛል?» አለችኝ።

ረቡዕ ዕለት አለቃዬን አስፈቅጄ ሄድኩ። ኮሪን የወረዳችንን ኮሌጅ ካናቴራ ለብሳ፣ አገጯን ቀና አድርጋ መጣች። ሰዉ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ሰማሁ። እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ። ከጎኔ ዱዌይን በግራሶ በጠቆሩ እጆቹ ያጨበጭብ ነበር። ሌላ ሰው ይጨመር አይጨመር ዞር ብዬ አላየሁም።

ወገኖቼ፣ ለልጆቻችን ከማጨብጨባችን በፊት እኛ የከፈልነውን እንንገራቸው። ምኞታቸውን የሚገድለው የእኛ ዝምታ እንጂ የዋጋው መነገር አይደለም።

ከስድስት ዓመት በኋላ ያንን የአማካሪዋን በር ከውስጥ የምትዘጋው ኮሪን ብትሆን ቀጠሮዋን የምይዝላት እኔ ነኝ። በሩ ሲዘጋ ግን ልቤ ያን ጊዜም አብሮ መግባቱ አይቀርም።