እትብቷ የተቀበረበት ቡና

ይሄ የሰማሁት አይደለም፤ በዓይኔ ያየሁት ነው። ማመን የከበደው ቴፒ ይምጣና ቡናውን ላሳየው... ከሩቅ ግን።

ኅዳር 2006 ነው፤ የቡና ለቀማ ሰሞን። ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ቀትር፣ ስድስት ሰዓት ነበር።

የጎረቤቴ የጥበቡ የወንድም ልጅ ልዩ ከጀርመን መጥታለች። እዚያው የተወለደች ናት። አማርኛዋ እንደ ቴፒ መንገድ ይንገጫገጫል፤ እኔን ሴትዮዋን "አንተ" እያለች ታስቀኛለች።

የመጣችው ለአንድ ነገር ነው። ስትወለድ አባቷ ከፈለኝ እትብቷን በሰው እጅ ልኮ፣ "ልጄ አገር ይኑራት፤ ከቡናችን ሥር ቅበርልኝ" ብሎት ነበር ጥበቡን።

"እትዬ፣ አንተ አገር አለህ" አለችኝ። "እኔን እዚያ 'ከየት ነሽ?' ይሉኛል። እዚህም ይሉኛል። ያ ቡና ግን የኔ ነው።"

ጥበቡ ዛሬ ነገ ሲል ከርሞ፣ በመጨረሻ እያጉረመረመ ወሰደን።

ማሳው ዳር ሲደርስ ቆመ።

"ያውላችሁ። እኔ አልገባም።"

ሌላው ቡና ተለቅሞ አልቋል። ያ አንድ እግር ቡና ብቻ ፍሬው ቀልቶ ተንዠርግጓል...

ሥሩ ተጠርጓል። አንዲት ቅጠል የለችም።

ወፍ እንኳ ዝም ብሏል።

ልዩ ግንዱን ዳሰሰች።

"ልዩ ነኝ... መጣሁ።"

ከቡናው ጀርባ መልስ መጣ።

"ልዩ እኔ ነኝ።"

የራሷ ድምፅ ነው። አማርኛው ግን ጥርት ያለ፣ የቴፒ ልጅ አማርኛ...

እጇን ጎትቼ ሮጥኩ።

"አንተ ጥበቡ! ምን አድርገህ ነው?"

መሬት መሬት እያየ አንሾካሾከ። "ቡናው እየደረቀ ነበር... ለቦታው ባለቤት፣ ለቆሌው፣ በእትብቷ ሰጠኋት።"

"የወንድምህን ልጅ?"

"አትመጣም ብዬ ነዋ!"

ልዩ ሰማች። አላለቀሰችም። "አጎቴ..." አለች።

እኔ ቤት ይዣት ገባሁ። አመሻሹ ላይ ስልኬ ጠራ። ከፈለኝ ነው፣ ከጀርመን፤ በደስታ ሰክሯል።

"ሰርካዲስ! ልዩ ደረሰችልኝ እኮ! አሁን በሩን ከፍታ ገባች። አማርኛዋን እንዴት አድርገሽ ነው እንዲህ ያቃናሽው?"

ከበስተኋላው ሳቋ ይሰማኛል...

ልዩ ግን አጠገቤ ተቀምጣለች። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች።

"እትዬ... አንተ እየው..."

ሸሚዟን ቀስ ብላ ገለጠች።

እምብርት የላትም።

ሆዷ እንደ መዳፌ ልሙጥ ነው...